መሠረት ሳስቆፍር ጥንታዊ ግንብ ወጣብኝ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ አክሱም ከተማ ውስጥ፣ ከሐውልቶቹ ብዙም ሳይርቅ ባለኝ ቦታ ላይ ጂ+2 ቤት እየሠራሁ ነው። ካርታም የግንባታ ፈቃድም አለኝ። መሠረት ስናስቆፍር የተጠረበ ድንጋይ ግንብ፣ የሸክላ ስብርባሪና ሦስት የመዳብ ሳንቲሞች ወጡ። ኮንትራክተሩ «ካሳወቅክ ቦታህን ትነጠቃለህ፣ ዛሬውኑ ኮንክሪት እንሙላበት» ይለኛል። የባንክ ብድር አለብኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ኮንክሪቱን እንዳያስሞሉ። ጭንቀትዎ ይገባኛል፤ ግን እርስዎን የሚጎዳዎት ማሳወቁ ሳይሆን ዝም ማለቱ ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አንቀጽ 41 የተጻፈው ልክ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው። ቤት ወይም መንገድ ሲሠራ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ያሳውቃል፤ እስኪረከቡትም እንዳለ ይጠብቃል። ባለሥልጣኑ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይባላል። ቦታዎ የተከለለ የቅርስ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። የባለሥልጣኑም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቅርስ ሲወጣም ሥራውን አቁሞ በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ይህን ዛሬውኑ ያጣሩ።

ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ያስገቡ። ቀን ይኑረው፣ ፎቶ ይያያዝበት፣ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ያስመቱ። በስልክ መናገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንዎትም። ቀኑ ላይ አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ባለሥልጣኑ በ6 ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሁኔታውን ዘርዝረው ለክልሉ መንግሥት ኃላፊ በጽሑፍ በማሳወቅ ከጥበቃ ኃላፊነትዎ ነጻ መሆን ይችላሉ። ያኔም ቢሆን ግንቡን እንዲያፈርሱ ተፈቀደልዎ ማለት አይደለም።

በዚያው ደብዳቤ ቀሪውን ቁፋሮ ቆሞ የሚከታተል የአርኪዮሎጂ ባለሙያ እንዲመደብልዎ ይጠይቁ። ባለሙያው ባለበት ማሽኑ ይቀርና በእጅ ይቆፈራል፤ የወጣው ይለካል፣ ይመዘገባል። ከዚያ መሠረቱን ትንሽ በማዛወር ወይም ንድፉን በማስተካከል ግንባታው የሚቀጥልበት መንገድ ሊገኝ ይችላል። እርስዎ ግን «ሌላ ምን አለ?» ብለው ራስዎ እንዳይቆፍሩ። ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ ክልክል ነው።

ሳንቲሞቹን ሳያጥቡ፣ ሳይፍቁ፣ ለማንም ሳይሸጡ ያስቀምጡ። ላስረከበ ሰው አዋጁ ተገቢ ሽልማት ይሰጠው ይላል፤ ለጥበቃው ያወጣውም ወጪ ይተካለታል። ስለዚህ የዘበኛውንና የሸራውን ደረሰኝ ይያዙ። የባንኩ ወለድ በዚህ ውስጥ መካተቱን አዋጁ በግልጽ ስለማይናገር በእሱ አይተማመኑ። ለባንኩ አሁኑኑ ጽፈው የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ ከኮንትራክተሩም ጋር ሥራው የቆመበትን ቀን በጽሑፍ ይፈራረሙ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ቅርስ ስለወጣ ብቻ ይዞታ አይነጠቅም። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ከፈለገው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40(8) መሠረት ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ መክፈል አለበት።

በግእዝ፣ በሳባና በግሪክ የተቀረጸውን የንጉሥ ኢዛናን ድንጋይ እዚያው አክሱም ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። የእርስዎም ግንብ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ባለሙያ እስኪያየው ጉድጓዱን በሸራ ይሸፍኑት፤ ዝናብ እንዳይገባበት።