ሱፐርማርኬቱ «ሙዝህን ልግዛህ» አለኝ

ጥያቄ፦ እንደምን አሉ? የምኖረው አርባ ምንጭ ዙሪያ፣ ጫኖ ነው። ግማሽ ሄክታር የማትሞላ የሙዝ ማሳ አለችኝ። እስካሁን የምሸጠው ለደላላ ነው። ማሳው ድረስ መጥቶ ያስቆርጣል፣ መዝኖ ይከፍለኛል፣ ይጭናል። ዋጋውን የሚቆርጠው ግን እሱ ነው። አሁን አንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት በየሳምንቱ ካቀረብክልኝ በኪሎ የተሻለ ዋጋ እሰጥሃለሁ አለኝ። ደላላውን ልተወው?
የጫኖው ሙዝ አምራች

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢያንስ ለጊዜው አትተወው።

እኔ ለሱፐርማርኬት ፍራፍሬ ስገዛ የኖርኩ ሰው ነኝ። ደላላው ዘለላውን እንዳለ አይሱዙ ላይ በሙዝ ቅጠል ደራርቦ ይጭነዋል። የተላላጠውም የተጣመመውም አዲስ አበባ የአትክልትና ፍራፍሬ ገበያ ላይ ገዢ አያጣም። ሱፐርማርኬት ግን ከዘለላው ተለይቶ፣ ታጥቦ፣ በፕላስቲክ ሳጥን ተደርድሮ ይፈልገዋል። በር ላይ ቆመን ጥቁር ነጠብጣብ ያለበትን እንመልስ ነበር። ለመብላት እኮ ምንም አይለውም፣ መልኩ ብቻ ነው! የተመለሰው ደግሞ የአቅራቢው ኪሳራ ነው። አንተ ጫኖ ቁጭ ብለህ አዲስ አበባ የተመለሰብህን ሙዝ ማን ይሸጥልሃል?

ሙዝ የሚጓዘው ጥሬውን ስለሆነ ማብሰያ ቤት መግባት አለበት። አዲስ አበባ ብዙዎቹ ክፍሉን ዘግተው በላምባ ጭስ ነው የሚያበስሉት። ማን እንደሚያበስለው፣ እዚያ የሚበላሸው በማን እንደሚታሰብ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከ13 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘም ልጣጩ ይጠቁራል። እነሱ ማቀዝቀዣ ውስጥ ረስተውት «ያመጣኸው ተበላሽቷል» ሊሉህ ይችላሉ።

ዋናው ነገር ግን ክፍያው ነው። ደላላው ዋጋ ቢጎዳህም እጅ በእጅ ይከፍላል። ሱፐርማርኬት ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ሸጦ ነው፣ ወር ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ። ኬንያ ውስጥ ናኩማት የሚባል ትልቅ ሱፐርማርኬት ነበር። ሲወድቅ በቢሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ዕዳ ነበረበት፤ እንደ ፈረንጆች በ2020 ዕዳ ጠያቂዎቹ ድርጅቱ እንዲፈርስ ወሰኑ። ዕቃቸውን በዱቤ የሰጡ አቅራቢዎችም ከጠያቂዎቹ መሃል ነበሩ። እኛም አገር በ2016 ዓ.ም. የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። ትልልቆቹ ሲመጡ ዱቤውም አብሮ ይመጣል ባይ ነኝ።

ስለዚህ ብቻህን አትግባ። ያቺ ማሳ የየሳምንቱን ጭነት አትችለውም። ሰፈራችሁ የገበሬ ማኅበር ካለ በእሱ በኩል ተዋዋሉ፣ የደረሰኙም ጣጣ ይቀልላችኋል። መጀመሪያ ጥቂቱን ላኩ፣ የቀረውን ደላላው ይውሰድ። የተሰጠህን ዋጋ ደግሞ ለደላላው ሹክ በለው፤ ትንሽ ጨመር ማድረጉ አይቀርም።

ሳጥኖቹን ማን እንደሚገዛም ጠይቅ። ባዶውን ሳጥን ከአዲስ አበባ ጫኖ መመለስ ራሱ የመኪና ኪራይ አለው።