የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ ለጠየቃችሁኝ

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ዳሌያቸውን የሚያስቀይሩ ሰዎችን ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም እከታተላለሁ። ያልገባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ብዙ ጥያቄ ደረሰኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር አለ። ራጃችሁን ያየው ሐኪማችሁ ነው። እኔ የምለው እሱ ካዘዛችሁ ጋር ከተጋጨ እሱን ስሙ።

ጥያቄ፦ ዳሌ መቀየር ሲባል ምን ማለት ነው? እግሬን የሚቆርጡኝ ይመስለኛል፤ በጣም ፈርቻለሁ።

አይዞዎት፣ እግር አይቆረጥም። የጭን አጥንት ጫፉ ላይ ክብ ራስ አለው። ያ ራስ ዳሌ አጥንት ላይ ባለ ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ገብቶ ይሽከረከራል። ሁለቱን የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት እያለቀ ሲሄድ አጥንት ከአጥንት ይፋጫል። ብሽሽትዎ ላይ የሚሰማዎት ሕመም ብዙውን ጊዜ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ሐኪሙ የተበላሸውን ራስ ያወጣል። በጭን አጥንቱ ውስጥ የብረት ዘንግ ያስገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ የታይታኒየም ነው። ዘንጉ ላይ የሴራሚክ ወይም የብረት ኳስ ይገጠማል። ጎድጓዳው ቦታም ይስተካከልና በልኩ የተሠራ አዲስ ክፍል ይገባበታል፤ ኳሱ የሚሽከረከርበት የውስጠኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። አንዳንዱ በአጥንት ሲሚንቶ ይጣበቃል። ሌላውን ደግሞ አጥንቱ ራሱ እያደገ ይይዘዋል። ሥራው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይፈጃል። አዲስ ሙከራ ነው ብለው እንዳይሰጉ። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ቻርንሊ በብረትና በፕላስቲክ የሠራው መገጣጠሚያ በፈረንጆቹ 1962 ነው መስመር የያዘው። ዛሬ የሚሠራውም በዚያው ሐሳብ ላይ ቆሞ ነው።

ጥያቄ፦ 54 ዓመቴ ነው። ገና ነህ፣ ትንሽ ታገስ ይሉኛል። እስከ መቼ ልታገስ?

ዕድሜህ ብቻውን አይወስንም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። ሌሊት ሕመሙ ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል? ካልሲህን ራስህ ታጠልቃለህ? መድኃኒቱም እንቅስቃሴውም ክብደት መቀነሱም ተሞክሮ አልረዳም? መልስህ ወደዚያ ካደላ ከሐኪምህ ጋር በቁም ነገር ተነጋገር። አለቅጥ መጠበቅም ዋጋ ያስከፍላል። ሰው እያመመው ሲሄድ እግሩን ያሳርፈዋል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ኋላ ማገገሙ ይከብደዋል።

የሚያሰጋው አንተ በወጣትነት ካስቀየርክ ሁለተኛ ቅየራ ሊመጣ መቻሉ ነው። የተቀየረ ዳሌ ስንት ዓመት ይቆያል ላላችሁኝም መልሱ ይኸው ነው፦ ከ100 ዳሌ 58 ያህሉ 25 ዓመት ይደርሳል። 15 ዓመት የሚሞላው ደግሞ 89 ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ቀጠሮዬ ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?

በፍጹም! እነዚህ ሁለት ወራት ወርቅ ናቸው። ሰው ቀልቡ ሁሉ ቀዶ ሕክምናው ላይ ይሆንና ይህን ጊዜ ያባክነዋል። እኔ እንዳየሁት ቶሎ የሚነሱት ቀድመው የተዘጋጁት ናቸው።

ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ዛሬ ይተዉ፤ ቢያንስ ከቀዶ ሕክምናው 4 ሳምንት በፊት። ሲጋራ ቁስል እንዳይድን ያደርጋል፣ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል። ስኳር ካለብዎት ልኩን ያስተካክሉ፤ ስኳሩ ከፍ ብሎ ከተገኘ ሐኪሙ ቀጠሮውን ሊያራዝመው ይችላል፣ ማራዘሙም ትክክል ነው። ጥርስዎን ይታዩ። የተበላሸ ጥርስ ወይም እግር ላይ ያለ ቁስል ጀርም ወደ ደም ያስገባል፣ ከደም ደግሞ አዲሱ ብረት ላይ ሊያርፍ ይችላል። የደም ማነስ ካለ ከአሁኑ ይታከም። በቅርቡ ዳሌዎ ውስጥ መርፌ ተወግተው ከሆነ ይናገሩ፤ ብዙ ሐኪሞች ከስቴሮይድ መርፌ በኋላ 3 ወር እንዲያልፍ ይፈልጋሉ።

የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ጽፈው ያሳዩ፤ ቫይታሚኑም ባህላዊ መድኃኒቱም ይጨመር። በተለይ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው። በራስዎ አያቁሙ፣ በራስዎም አይቀጥሉ። ቀዶ ሕክምና የሚደረግበትን ቦታ ራስዎ አይላጩ፤ ምላጭ የሚጭራት ትንሽ ቁስል ለጀርም በር ትከፍታለች።

ከዚያ እንቅስቃሴ። በጀርባ ይተኙና ጉልበትዎን ወደ ፍራሹ ተጭነው ጭንዎን ያጠንክሩ፣ እስከ 5 ይቁጠሩ፣ ይልቀቁ። መቀመጫዎንም እንዲሁ ጨብጠው ይልቀቁ። ክንድዎንም አይርሱ፤ ለጥቂት ሳምንታት ክብደትዎን የሚሸከመው እሱ ነው። ክራንች ወይም ዎከር ከተቻለ ከአሁኑ ይዋሱና ቤት ውስጥ ይለማመዱ። ቁስል ይዞ ክራንች መማር ድርብ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ በሚቀጥለው ወር ትቀየራለች። ቤቱን እንዴት ላዘጋጅላት?

እህቴ፣ ይህን ቀድመሽ ማሰብሽ ደስ ብሎኛል። በእሳቸው ቦታ ሆነሽ፣ ሁለት እጅሽን ክራንች ይዞብሽ ቤቱን አንዴ ዙሪው። የሚያደናቅፈው ሁሉ ይታይሻል። ምንጣፍ ይነሳ፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ ይያዝ። ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለው መንገድ ሌሊትም መብራት ይኑረው።

ወንበር ትልቅ ነገር ነው። መደገፊያ ክንድ ያለውና ጠንካራ ይሁን። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው በላይ መሆን የለበትም። ሶፋ ለስላሳና ዝቅ ያለ ስለሆነ ለጊዜው ይቅር። መጸዳጃው ላይ ከፍ ማድረጊያ መቀመጫ ይደረግ፣ አጠገቡም መጨበጫ ብረት። መታጠቢያው ውስጥ የማያንሸራትት ንጣፍና የሚቀመጡበት ወንበር ያስፈልጋል። ዕለት በዕለት የሚነሱ ዕቃዎችን ከወገባቸው እስከ ትከሻቸው ባለው ከፍታ ላይ አድርጊ፣ እንዳያጎነብሱ። ረጅም የጫማ ማንኪያና ከሩቅ ዕቃ የሚያነሳ መቆንጠጫ ካገኘሽ ግዢ። ክራንች የያዘ ሰው ብርጭቆ መያዝ ስለማይችል አንገት ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ቦርሳም ስፊላቸው።

ጥያቄ፦ ሙሉ ሰመመን ነው ወይስ ከወገብ በታች?

ሁለቱም ይሠራል። ከወገብ በታች ከሆነም እንቅልፍ የሚያስወስድ መድኃኒት ይጨመራል። የልብና የሳንባ ሁኔታዎን አይቶ ከእርስዎ ጋር የሚወስነው የሰመመን ባለሙያው ነው።

ጥያቄ፦ ከስንት ቀን በኋላ ነው ከአልጋ የምነሳው?

ብዙ ሰው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ይነሳል። ይህን ስል ሰው ይደነግጣል። አዲሱ መገጣጠሚያ ግን በአብዛኛው ወዲያው ክብደት ይሸከማል፤ ሐኪሙ አትርገጥ ካለ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ሆስፒታል የሚቆዩትም ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ነው።

አነሳሱን ግን ልንገርዎ። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጫፍ ይሳቡ። የተቀየረውን እግር ወደ ፊት ዘርጋ ያድርጉት። ሁለት እጅዎን በወንበሩ ክንድ ላይ ያሳርፉ። አሁን በእጅዎና በጤነኛው እግርዎ ገፍተው ይነሱ፤ ደረትዎን ወደ ጉልበትዎ አያጥፉ። ክራንቹን የሚይዙት ከቆሙ በኋላ ነው። ሲቀመጡ ደግሞ ወንበሩ የእግርዎን ኋላ እስኪነካ ወደ ኋላ ይሂዱ። እግርዎን ዘርጋ፣ እጅዎን ወደ ክንዱ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ዝቅ። ሲዞሩ በተቀየረው እግር ላይ ቆመው አይሽከረከሩ፤ በትንንሽ እርምጃ ይዙሩ።

ጥያቄ፦ 90 ዲግሪ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ቀዶው ከኋላ በኩል ከሆነ ሦስት ነገር ይከለከላል። ዳሌን ከ90 ዲግሪ በላይ ማጠፍ፣ እግር ማቆላለፍ፣ የእግርን ጣት ወደ ውስጥ ማዞር። ሦስቱ ሲገናኙ ኳሱ ከቦታው ሊወልቅ ይችላል። በቀላሉ ለማስታወስ፦ መሬት የወደቀ ነገር አያንሱ፣ ቁጢጥ አይበሉ፣ ጫማዎን ጎንበስ ብለው አይሰሩ። ክልከላው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። ቀዶው ከፊት በኩል ከሆነ ክልከላው ይለያል፣ አንዳንዴም ይላላል። ስለዚህ በየትኛው በኩል እንደተሠራልዎ ይጠይቁ። ጎረቤት የነገረዎት ለጎረቤት ዳሌ ነው።

ድንገት ከባድ ሕመም ከመጣ፣ እግሩ አጥሮ ወይም ዞሮ ከታየ፣ መርገጥም ካቃተ ወልቆ ሊሆን ይችላል። አይጎትቱት፣ ወዲያው ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃ እንዴት እወጣለሁ?

ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፣ የተቀየረው ይከተላል፣ ክራንቹ በመጨረሻ። ሲወርዱ ክራንቹ ይቀድማል፣ ከዚያ የተቀየረው፣ ጤነኛው መጨረሻ። በአንድ እጅዎ ሁልጊዜ የደረጃውን ብረት ይያዙ። ከሆስፒታል ሳይወጡ ከባለሙያ ጋር ተለማምደው ይውጡ፤ ካላለማመዱዎት ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፣ እግሬ አብጧል፤ በልዞ እስከ ጉልበቴ ወርዷል። ደም ረግቶ ይሆን?

እብጠትና መበለዝ የተለመደ ነው። እብጠቱ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ማታ ይብሳል፣ እግር ከፍ ተደርጎ ሲታደር ይቀንሳል። የደም መርጋት ምልክቱ ሌላ ነው። ባትዎ ላይ አዲስ ሕመም፣ ሙቀት፣ ቅላት፣ አድሮም የማይቀንስ እብጠት ካለ በዚያው ቀን ይታዩ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ከወጋዎት ወይም ደም ከሳሉ ግን አንድ ደቂቃ አይጠብቁ፤ የረጋው ደም ሳንባ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ይገድላል። ለዚህ ነው ደም የሚያቀጥነውን መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ቀን እንዲወስዱ የምለምነው። አንዳንዱ እስከ 5 ሳምንት ይሄዳል። የእግርዎን መዳፍም በየሰዓቱ ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሱ።

ጥያቄ፦ ቁስሉ ኢንፌክሽን እንደያዘ በምን አውቃለሁ?

ቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ፈሳሽ ወይም መግል ካለው፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ እየቀነሰ የነበረ ሕመም መልሶ ከበረታ። ከ100 ሰው 1 ገደማ ላይ ይደርሳል። ብርቅ ነው፣ ግን ቶሎ ከተደረሰበት ብረቱን ማዳን ይቻላል። ቤት የቀረ አንቲባዮቲክ ውጠው አይሸፍኑት፤ ምልክቱን ይደብቃል።

ጥያቄ፦ ማስታገሻ ሱስ ያስይዘኛል ብዬ ትቼዋለሁ። ግን እንቅስቃሴውን መሥራት አቃተኝ።

ሕመሙ እንቅስቃሴ ከከለከለህ ማስታገሻው አስፈላጊ ነው። ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት ውሰደው። ስጋትህ መሠረት አለው፤ ጠንካራዎቹ፣ የሞርፊን ወገን የሆኑት፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ናቸው። ሆድም ያደርቃሉ፣ ውኃ አብዝተህ ጠጣ። በየስንት ቀኑ እንደምትቀንስ ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር።

ጥያቄ፦ የተቀየረው እግሬ የረዘመ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ይህን ይላል። ለዓመታት አጥሮና ተኮማትሮ የኖረ ጡንቻ አሁን ተዘርግቷል፣ ዳሌም ገና አልተስተካከለም። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አብዛኛው ይጠፋል። ከዚያ በኋላም ካለ ይለካ። አሁን ሮጠው ሶል አያስገቡ።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የምተኛው? መቼ ነው መኪና የምነዳው? ሥራስ? ከባለቤቴ ጋርስ?

መጀመሪያ በጀርባ፣ በእግሮች መካከል ትራስ አድርገው። በጎን ሲተኙም ትራሱ አይቅር። መኪና 6 ሳምንት ገደማ፤ ቀኝ እግር ከሆነ ሊዘገይ ይችላል፣ ጠንካራ ማስታገሻ እየወሰዱ ግን አይነዱም። የቢሮ ሥራ 6 ሳምንት አካባቢ፣ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ 3 ወር ወይም በላይ። የትዳር ግንኙነትም ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ የተከለከሉትን አቀማመጦች ጠብቆ። ይህን ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም፣ ሐኪሙም ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ አባቴ 3 ሳምንት ሆኗቸዋል። ልምምዱን እምቢ አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ልቤን ነካኝ። ሦስተኛው ሳምንት ከባድ ነው። ጠያቂው ይቀንሳል፣ እንቅልፍ የለም፣ ሰው መቼም የማይድን ይመስለዋል። አትቆጣቸው። መጀመሪያ ምን እንዳስፈራቸው ጠይቅ። ብዙ አዛውንት የሚፈሩት ብረቱ ይሰበራል ብለው ነው። መርገጥ እንደማይሰብረው፣ ይልቁንም መተኛት ጡንቻ እንደሚያሟሽሽና ደም እንደሚያረጋ ከሐኪሙ አፍ ይስሙት። ከዚያ አስር ልምምድ ይሥሩ አትበል። እስከ በሩ አብረሃቸው ሂድ። ነገ እስከ በረንዳው። በቀን አንድ ረጅም ጉዞ ከሚሆን አራት አምስት አጫጭር ይሁን። ማስታገሻውን በሰዓቱ ስጣቸው። ሐዘኑ ሳምንት አልፎም ካልለቀቃቸው፣ ምግብም እምቢ ካሉ ለሐኪም ንገር፤ ድብርት ይታከማል።

ጥያቄ፦ የኤርፖርት ፍተሻ? ኤምአርአይ?

ማሽኑ ሊጮህ ይችላል፣ ዳሌዬ ብረት አለው ይበሉ። ኤምአርአይ በአብዛኛው ይቻላል፣ ግን አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ከዘራውን በየትኛው እጄ ልያዝ? መቼስ ልተወው?

ከተቀየረው እግር በተቃራኒው እጅ። ቀኝ ዳሌ ከሆነ በግራ። ከዘራውና የተቀየረው እግር አብረው ወደ ፊት ይሄዳሉ። መተዉን ቀን አይወስነውም፣ አካሄድዎ ነው። ከኋላዎ ሰው ቆሞ ይይዎት፤ ሲራመዱ ወገብዎ ወደ አንድ ጎን የሚወድቅ ከሆነ የዳሌ ጡንቻዎ ገና ነው፣ ከዘራውን ያቆዩት። ቀጥ ብለው ከሄዱ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ይተዉት፣ ውጭ ግን ሰው የሚበዛበት ቦታ ለጥቂት ሳምንት ይያዙት።