መልስ፦ ታቦት ሲያልፍ ስልክ ስለማውጣት

እህቴ፣ «ጥምቀት ላይ ታቦት ሲያልፍ በስልክ ብቀርጽ ኃጢአት ይሆንብኛል?» ብለሻል። ካህን አይደለሁም፤ ቁርጡን የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ። እኔ ጎንደር አድጌ ያየሁትን ላካፍልሽ።

ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሕዝቡ እልል ይላል፣ ያጨበጭባል፣ ይሰግዳል። ስልክ የያዘ እጅ እንዴት ያጨበጭባል? አንድ ዓመት እኔም ጥሩ ቦታ ይዤ ስቀርጽ ታቦቱ አጠገቤ አለፈ። ቪዲዮው አሁንም አለኝ። ምን ብዬ እንደጸለይኩ ግን ትዝ አይለኝም፤ ምናልባት አልጸለይኩም። እስካሁን ይቆጨኛል።

ቅዳሴ ላይ ካህኑ «አልዕሉ አልባቢክሙ» ይላሉ፤ ልባችሁን ከፍ አድርጉ ማለት ነው። እኛም ልባችን እግዚአብሔር ዘንድ እንዳለ እንመልሳለን። ስክሪን እያየሁ ይህን ማለት ይከብደኛል።

ስልኩን ግን አላወግዝም። አልጋ የያዙ እናት በዓሉን በቀጥታ ስርጭት እያዩ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እንዲህ ላለ ሰው ብለሽ ከሆነ ጉዞው ሲጀመር ትንሽ ቅረጪና ላኪላቸው። ታቦቱ ሲቀርብ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ለሌሊቱ ማሕሌትና ቅዳሴ ደግሞ ቤት ትተሽው ሂጂ።