ለቡና ጠረጴዛ ልብስ ጥልፍ የወርቅ ክር፣ ሐር ወይስ ዥንጉርጉር?

ውድ እኅታችን፣ በ14 ቁጥር ነጭ አይዳ (ቀዳዳዎቹ በእኩል የተደረደሩ የጥልፍ ጨርቅ) ላይ ጀበና፣ ሲኒዎችና ቄጤማ ያለበት የቡና ጠረጴዛ ልብስ በመስቀልኛ ስፌት እየጠለፉ እንደሆነ ገልጸው፣ ለሲኒዎቹ ከንፈር የወርቅ ቀለም ክር፣ ለእንፋሎቱ ሐር፣ ለቄጤማው ደግሞ ዥንጉርጉር (ቀለሙ በርዝመቱ እየተለዋወጠ የሚሄድ) ክር ቢገዙ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ሦስቱንም ክሮች የሞከርሁ፣ ከእነርሱም በሁለቱ የተቃጠልሁ ስለሆንሁ ያየሁትን እጽፍልዎታለሁ።

እኔ ክር ስመርጥ መጀመሪያ የማስበው ልብሱ ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሥዕል ቢሆን ኖሮ ሦስቱንም ይግዙ እል ነበር፤ ቡና የሚንጠባጠብበት ልብስ ግን ውኃና ሳሙና ስለማይለየው ሐሩን ይተዉት። ሐር ሙቅ ውኃና ኃይለኛ ሳሙና አይወድም፤ በዚያ ላይ በእኛ በደጋው ብርድ እጅ ስለሚሰነጣጠቅ ሻካራው ጣት ክሩን እየያዘ ያበላሸዋል። (ቫዝሊን ተቀብቼ ልጥለፍ ብዬ ነጩን ጨርቅ በቅባት አሻራ ሞልቼው አውቃለሁ።) በሐር ስም ሬዮን (ሐር የሚመስል ሰው ሠራሽ ክር) ሊሸጥልዎት እንደሚችልም አይርሱ፤ ቁራጩን በክብሪት ቢለኩሱት ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ሬዮን ግን እንደ ወረቀት ይነዳል። ለእንፋሎቱ ከተራው ባለ ስድስት ገመድ የጥጥ ክር ፈዛዛ ግራጫውን መርጠው አንዱን ገመድ ብቻ ነጥለው ቢሠሩበት፣ የቀረው ሥዕል በሁለት ገመድ ስለሚሞላ፣ ስስ ሆኖ ጨርቁ ከሥር እየታየ በትክክል እንፋሎት ይመስላል።

የወርቅ ቀለም ክር ለሲኒው ከንፈር ይገባዋል፤ ሲኒ ያለ ወርቅ ቀለበት ለዓይኔ ጎዶሎ ነው። ነገር ግን ይህ ክር በመካከሉ ባለ ጠንካራ ክር ላይ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን የተጠመጠመበት ስለሆነ፣ በጨርቁ ቀዳዳ በተመላለሰ ቁጥር ይላጣል። መጀመሪያ የሠራሁበት ጊዜ እንደ ጥጡ አስረዝሜ ቆርጬው ገና ግማሽ ሳልደርስ ሽፋኑ ተገፎ ነጩ ክር ብቻ እጄ ላይ ቀረ። ከአንድ ስንዝር ተኩል አያስበልጡት። ለጥጡ 24 ቁጥር መርፌ ከያዙ ለወርቁ 22 ይውሰዱ፤ በዚህ መርፌ ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው ይወፍራልና ቀዳዳውን ከፈት አድርጎ ክሩን ከመፋቅ ያድነዋል። ከሁሉ የምወደው ግን ወርቁን በከንፈሩ መስመር ላይ አጋድሞ በቀጭን ቢጫ ክር ከላይ እየቆነጠጡ ማሰር ነው፤ ወርቁ ጨርቁን የሚበሳው መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ብቻ ይሆናል። ይህንን የሥራው ሁሉ ማብቂያ ያድርጉት፤ ሲተኩሱም ጨርቁን ገልብጠው ለብ ባለ ካውያ ይሁን።

ዥንጉርጉሩ ክር ለቄጤማ የተፈጠረ ነው እላለሁ፣ አሠራሩ ግን ከለመድነው ይለያል። በተራው ክር መስመሩን ሙሉ በግማሽ መስቀል ሄደን ስንመለስ እንዘጋዋለን፤ በዥንጉርጉር እንዲህ ከሠሩ የታችኛው እግር ጥቁር አረንጓዴ፣ የላይኛው ቢጫማ ሆኖ ቀለሙ ይደፈርሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን መስቀል እዚያው ጨርሰው ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ አካሄድዎም ወደ ጎን ሳይሆን እንደ ቄጤማው ቅጠል ከታች ወደ ላይ ይሁን። አንዱን ገመድ ለሁለት አጥፈው፣ ሁለቱን ጫፎች በመርፌ አስገብተው፣ በመታጠፊያው ቀለበት መጀመርም እዚህ አይሆንም፤ የክሩ ሁለት ጫፎች ቀለማቸው የተለያየ ስለሆነ አንድ ላይ ሲገጠሙ ዝንጉርጉሩ ይጠፋል። ሁለቱን ገመዶች ለየብቻ አውጥተው ቀለማቸው ጎን ለጎን እንዲሄድ አድርገው ይግጠሟቸው።

ለጀበናው ማቶት የመንዝ በግ ሱፍ በእንዝርት አስፈትዬ ሞክሬ ነበር፤ ለባና እንጂ ለ14 ቁጥር አይዳ ቀዳዳ የሚሆን አይደለም።

ከመጀመርዎ በፊት ከያንዳንዱ ክር፣ በተለይ ከአረንጓዴውና ካለዎት ከቀዩ፣ ቁራጭ አርጥበው በነጭ ጨርቅ መካከል ተጭነው ያሳድሩ፤ እኔ ይህንን ሳላደርግ ቀዩ ለቆ አንድ ወር የጠለፍሁት ልብስ ሮዝ ሆኖብኛል። ዲኤምሲ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የጥጥ ክር አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው፤ ከተለያየ ማቅለሚያ የወጣ ክር ቁጥሩ አንድ ሆኖ እንኳ መልኩ ሊለያይ ስለሚችል፣ ለቄጤማው የሚያስፈልግዎትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይግዙ። ከወርቁ አንድ ጥቅል ይበቃዎታል።