ምሥጢር ለሚነገርህ ወንድሜ፣ ከጎንደር

ወንድሜ፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ይሁን። «በሰንበት ትምህርት ቤት አብረውኝ የሚያገለግሉ ልጆች የልባቸውን ለእኔ መናገር ጀምረዋል፤ ካህን ሳልሆን መንፈሳዊ ባልንጀራ ልሆናቸው እችላለሁን? ፈቃድስ ያስፈልገኛል?» ብለህ የጠየቅኸውን አነበብሁ። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ወንድሞችና እኅቶች «ጸልይ፣ ጹም፣ ቅዱሳት መጻሕፍትን አንብብ» ብለውሃልና ያንን አልደግመውም፤ ያን የማታደርግ ብትሆን ኖሮ ልጆቹ መጀመሪያውኑ ወደ አንተ ባልመጡ ነበር። እኔ በጎንደር ከቅዳሜ ገበያ በማይርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ማንም ሳይሾመኝ የሰው ችግር መስማት ከጀመርሁ 14 ዓመት ሆኖኛል። ረዘም አድርጌ የምጽፍልህ እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ አንተንም እየጠበቀህ እንደ ሆነ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፣ ድንበርህን ዕወቅ። ማሰርና መፍታት ለካህን የተሰጠ ሥልጣን ነው። አንድ ልጅ ኃጢአቱን ሲነግርህ «ይቅር ተብለሃል፣ ይህን ያህል ስገድ» ማለት ከጀመርህ ባልተሰጠህ ወንበር ላይ ተቀምጠሃል። የአንተ ድርሻ ልጁ ወደ ንስሐ አባቱ እስኪደርስ ድረስ አብሮት መሄድ ነው፤ የንስሐ አባት ከሌለው እንዲይዝ ታግዘዋለህ፣ ካፈረም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሸኝተኸው ውጭ ትጠብቀዋለህ። እኔ በክረምት ከቤተ ልሔሙ ክፈፍ ሥር ተጠግቼ፣ ነጠላዬን በራሴ ላይ ጥዬ፣ ውስጥ ያለው ሰው እስኪወጣ የጠበቅሁበትን ቀን ብቆጥረው ከሰፋሁት ሱሪ የሚያንስ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ አፍህን ዘግይተህ ክፈት። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ እስከዚያ ድረስ መልካም ወዳጆች ነበሩ፣ የተበላሸው መናገር ሲጀምሩ ነው። ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰውም ልቡ ሲከብደው በቀጥታ አይናገርም፤ «ይህ ሱሪ ከወገቡ ቢጠብ ምን ያህል ያስከፍላል?» ብሎ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነገር እንዳለው ስጠረጥር ሲንጀሬን አቁሜ፣ ወንበሬን አዙሬ ፊት ለፊት አየው ነበር፤ ያን ጊዜ ይደነግጥና ዋጋውን ብቻ ጠይቆ ይሄዳል። ኋላ ላይ መርገጫውን በዝግታ እየረገጥሁ፣ ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሣ መስማት ለመድሁ። ሱቁ የማይመች ሲሆን ደግሞ ወደ ቁስቋም የሚወስደውን አቀበት አብረን እንወጣለን፤ ጎን ለጎን የሚሄድ ሰው ፊቱ ስለማይታይ የሚያፍርበትን ነገር ለመናገር ይቀለዋል። ጌታችንም ወደ ኤማሁስ ይሄዱ የነበሩትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት አስቀድሞ «የምትነጋገሩት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሱ ሁሉን እያወቀ እነርሱ እስኪጨርሱ ሰማቸው፣ መጻሕፍትን የተረጐመላቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ቁጥሩን ተከትዬ እንደምቀጥል እርግጠኛ አይደለሁም።

በ2008 ዓ.ም. የአንድ ሠፈር ዕቁብ ጸሐፊ የነበረ ወጣት ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ከዕቁብተኞቹ ገንዘብ 18 ሺህ ብር ለራሱ ጉዳይ አውሎ፣ ዕጣ የደረሳቸውን ሰዎች በሰበብ አስባብ ሲያዘገይ ወራት አልፈው ነበር። ሦስት ቅዳሜ ስለ ሱሪ ካወራን በኋላ በአራተኛው ነገረኝ። አብረን መከርን፤ ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ፣ ከደመወዙ እየቀነሰ መተካት ጀመረ፣ 8 ሺህ ያህሉንም መለሰ። ሰው ሲነሣ ማየት ያስደስታልና እኔም ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ውስጥ «ያነሣሁት እኔ ነኝ» የሚል ነገር እንደ ነበረበት ያስተዋልሁት በኋላ ነው።

በወሩ 12 የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ነበረን። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ስለ ንስሐ ጥቂት ቃል እንድናገር ተጋበዝሁ። «የማውቀው አንድ ወጣት አለ» ብዬ ጀመርሁ። ስሙን አልጠራሁም፣ ዕቁብም አላልሁም፤ «የሰው ገንዘብ በእጁ ገብቶ» ብቻ ነው ያልሁት። ነገሩ እንዲጣፍጥ ግን «አባቱ ከሞተ ወዲህ እናቱን የሚጦር ልጅ ነው» የምትል አንዲት ሐረግ ጨመርሁበት። ንግግሬን ሳልጨርስ ከበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት እናት የጠላ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው መሬት ሲያስቀምጡና ወደ ጎረቤታቸው ሲመለከቱ አየሁ። ይህ የቅኔ አገር መሆኑን ረስቼ ነበር፤ ስሙን ደብቄ ሰሙን ብሰጣቸው ወርቁን ቤታቸው ሳይደርሱ አወጡት።

በሦስተኛው ቀን ዕቁብተኞቹ እናቱ ደጅ ቆሙ። ልጁ በሳምንቱ ወደ መተማ ሄደ። ስልኬን አላነሣም፤ አንድ መልእክት ብቻ ላከልኝ፦ «ጋሼ፣ እኔ እኮ የነገርሁት ለእርስዎ ነበር።»

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ስናገር «ስም አልጠራሁም እኮ» ማለቴ አልቀረም። እርሳቸውም «ልጁ አደራ ያለህ ስሙን ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ። ቀኖናዬ ሁለት ነበር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም ማንንም እንዳልመክርና በጉባኤ እንዳልናገር፣ የሚመጣውን ሰው እየሰማሁ ወደ ካህን ብቻ እንድመራ አዘዙኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ልጁ እናት ዘንድ ሄጄ ይቅርታ እንድጠይቅ። ስግደቱን ብቻ ቢያዙኝ ኖሮ ምንኛ በቀለለኝ! እናቲቱ በክብር ተቀበሉኝ፣ ቡና አፈሉልኝ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውንም ጠጣን፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፍ ዋጋ ተነጋገርን። በረካውን ሲቀዱልኝ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ጥቂቱ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ፤ «ለዓመት በዓል አልመጣም» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ከቀረው 10 ሺህ ብር ዕዳ ላይ አራቱን ሺህ ሌሊት ጭምር እየሰፋሁ በሦስት ወር ከፈልሁ። ይህን የምነግርህ ልመካ ብዬ አይደለም፣ ጥቂት ግን እመካበታለሁ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የሰማኸውን ለትምህርት፣ ለምሳሌ፣ ለስብከት ብለህ አታውጣው። «ለእገሌ ጸልዩለት፣ ከባድ ነገር ላይ ነው» ማለትም ከሐሜት የሚለየው ነጠላ በመልበሱ ብቻ ነው። ጸሎት ካስፈለገው የክርስትና ስሙን ብቻ ለካህኑ ስጥ፤ ወልደ ሥላሴ ወይም ወለተ ማርያም ብለህ ከሰጠህ በቂ ነው፣ ታሪኩን እግዚአብሔር ያውቀዋል። በከተማችን 44 ታቦት አለ ይባላል፣ ነገር ግን የአንዱ ደብር ወሬ ለሌላው እሑድ እንኳ አያድርም። አንተ የምትኖረው በሌላ ከተማ ቢሆንም ሰንበት ትምህርት ቤት ሁሉም ቦታ ሰንበት ትምህርት ቤት ነውና የአንተም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም።

ምሥጢር የማይጠበቅበት ጊዜም አለ፤ ይህንንም ሰውየው ሳይጀምር በፊት ንገረው። ራሱን ወይም ሌላውን ሊያጠፋ ያሰበ፣ ሕፃን የሚጎዳ ሰው ካለ ዝም አትልም። አንዲት እኅት ለሳምንታት እንቅልፍ አጥታ «ብሞት ይሻለኛል» ስትለኝ፣ ከታላቅ እኅቷ ጋር ሆነን ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወሰድናት። አንዳንድ አገልጋዮች «ጠበል እያለ?» ብለው ፊት ነሱኝ። ጠበሉንም አላስቀረንባትም፤ ጠዋት ትጠመቃለች፣ ማታ መድኃኒቷን ትወስዳለች። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ መናገራቸውን ለእነዚያ ወንድሞች ባስታውሳቸው ዝም አሉ፤ ማመናቸውን ግን እጠራጠራለሁ። ልጅቱ ዛሬ አግብታለች፤ ሴት ልጇን በ80 ቀኗ ስታስጠምቅ የሕፃኗን ነጭ ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ዋጋም አልተቀበልሁም።

ሴት እኅቶችን ስትሰማ በር ክፍት ይሁን፣ ወይም ሰው በሚያይህ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ተቀመጥ። በዚህ ላይ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ ከተወራብህ ንጹሕ መሆንህን የሚሰማህ የለም።

ስለ ፈቃድ ለጠየቅኸው፣ አንድን ሰው በግል ለመስማት ደብዳቤ አያስፈልግህም፤ ለንስሐ አባትህ ማሳወቅህ ይበቃል። በግቢው ውስጥ ሰዎችን በቋሚነት የምትሰበስብ ከሆነ ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አመራርና ሰበካ ጉባኤው ማወቅ አለባቸው። እኔ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት ክፍል ለሁለት ሰዓት እንዲፈቀድልን ለመጠየቅ አንድ የደብር ጽሕፈት ቤት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ማኅተም የያዘው ሰው የለም ተባልሁ፣ ሁለተኛ ማመልከቻው አልደረሰንም ተባልሁ። በሦስተኛው ጸሐፊው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «አንተ ምን ተምረሃል? ቅኔ ተቀኝተሃል? ዜማ ታውቃለህ?» አለኝ። የበአታ ለማርያም ደብር ለአቋቋም፣ ማለት ለማኅሌት ዝማሬና ሽብሸባ ትምህርት፣ ምስክር በሆነችበት፣ ላይ ቤትና ታች ቤት በሚባሉ ሁለት የትርጓሜ ወገኖች መጽሐፍ በተተረጐመበት ከተማ ልብስ ሰፊ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው አንተ ገምተው። «ሱሪ ማጥበብ አውቃለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ መልሱ የትዕቢት እንደ ነበረ አልክድም። በአራተኛው ቀን የደብሩ አስተዳዳሪ ደጅ ላይ አግኝተውኝ፣ ሰምተውኝ፣ እዚያው ቆመው ፈቀዱ፤ ከሦስት ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም።

ያ ወጣት በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቷል። አንድ ጠዋት ሱሪ ይዞ ገባ፣ ከታች እንዲያጥርለት ጠየቀኝ፤ ለካሁ፣ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፣ ይቅርታዬንም ዝቅ ብዬ ተናገርሁ። «እግዚአብሔር ይፍታን ጋሼ» አለኝ፣ ሒሳቡንም ከፍሎ ሄደ። አሁን በመንገድ ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፤ የልቡን የሚነግረው ግን ለሌላ ሰው ነው፣ ፈርዶብኛል አልልም።

ወደ ጽሕፈት ቤት መሄድህ ካልቀረ ማመልከቻህን በሁለት ቅጂ ጻፍ፤ አንዱን ስታስገባ በሌላው ላይ የተቀበለህ ሰው ቀን ጽፎ ይፈርምልህ። የእኔ የመጀመሪያው ማመልከቻ ሳላስፈርም በመስጠቴ እስከ ዛሬ አልተገኘም።