ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ ሊንከንን ለልጆች ሲጽፉ

ጥያቄ፦ የአብርሃም ሊንከንን የልጅነት ታሪክ ከ8 እስከ 10 ዓመት ላሉ ልጆች በአማርኛ እያዘጋጀሁ ነው። ረቂቁን ያነበበልኝ ሰው «ድህነቱ አልታየኝም» አለ። «እጅግ ድሃ ነበር» ብዬ ግን ሦስት ቦታ ጽፌአለሁ።

መልስ፦ ሦስቱንም ይሰርዙና በምትኩ ዕቃና ሥራ ያሳዩ። ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1809 ኬንታኪ ውስጥ የተወለደው ግንድ በግንድ ላይ ተደርቦ በተሠራ ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ነው። በ1816 መጨረሻ ቤተሰቡ ወደ ኢንዲያና ጫካ ሲሻገር ልጁ ገና 7 ዓመቱ ነበር። መሬቱ ሳይመነጠር አይታረስም፤ ስለዚህ ወዲያው መጥረቢያ አስያዙት። እሱ ራሱ እንደጻፈው፣ እስከ 23ኛ ዓመቱ ድረስ መጥረቢያው ከእጁ አልተለየም ማለት ይቻላል። ትምህርት ቤት የዋለበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ወረቀት ሲያጣ ሳንቃ ላይ ይጽፍ እንደነበር የተናገረችው የእንጀራ እናቱ ሳራ ናት። (እሷን ክፉ አድርገው እንዳይስሉ፤ ልጆች ከተረት የለመዱት ያንን ነው። ሳራ ግን ለትምህርቱ የቆመችለት ሰው ነበረች።)

የእናቱን የናንሲን ሞትም «ታማ ሞተች» ብለው አይለፉት። በ1818 ነው፣ እሱ 9 ዓመቱ ነበር። ላሞቹ ጫካ ውስጥ ተለቀው ሲግጡ፣ ጥላ ሥር የሚበቅል ነጭ አበባ ያለው አረም ይበላሉ፤ የአረሙ መርዝ ከወተቱ ጋር ወደ ሰው ይገባል። ሰፋሪዎቹ «የወተት በሽታ» ይሉታል እንጂ ከየት እንደመጣ አያውቁም ነበር። ወተት የሚገድልበት አገር ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ለልጅ ማስረዳት አያስፈልግም።

ሲያበዙት ግን ይበላሻል። አባቱ ቶማስ ለማኝ አልነበረም፤ አናጢና ባለመሬት ነበር። ከኬንታኪ ያስነሳው በዋናነት የመሬት ይዞታ ክርክር ነው፤ ባርነትን አለመውደዱም አለበት።

ጥያቄ፦ የሊንከንን ቅጽል «ሬይል ስፕሊተር» «ሐዲድ ሰንጣቂ» ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደለም፤ ባቡሩ የለበትም። እዚህ «ሬይል» ማለት የአጥር እንጨት ነው፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ። የተቆረጠው ግንድ ጫፉ ላይ የብረት ሽብልቅ ይተከልበትና በትልቅ መዶሻ ይመታል። ስንጥቁ ሲከፈት፣ እንዳይገጥም ሌላ ሽብልቅ እየተከተለ ይገባበታል። ግንዱ መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ይፈለጣል። «የአጥር እንጨት ፈላጭ» ቢሉት ልጁ ሥራው ይታየዋል።

ቅጽሉን ግን በልጅነቱ ምዕራፍ አያስገቡት። የወጣለት በ1860 ነው። በኢሊኖይ በዲኬተር ከተማ በሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ ላይ የእናቱ ዘመድ ጆን ሃንክስ ሁለት የአጥር እንጨት ተሸክሞ ገባ፤ ስሙም ከዚያ ወዲያ ለምርጫ ቅስቀሳ ዋለ።

ጥያቄ፦ የቼሪ ዛፍ ቆርጦ ለአባቱ ያመነው ሊንከን ነው?

መልስ፦ ጆርጅ ዋሽንግተን ነው የሚባለው፤ ታሪኩም ሜሰን ዊምስ የተባለ ጸሐፊ ያሰራጨው፣ ማስረጃ የሌለው ወሬ ነው። የሚያስቀው፣ ሊንከን በልጅነቱ የዚሁን ሰው የዋሽንግተን ታሪክ ማንበቡን በ1861 ለኒው ጀርሲ ሴኔት ተናግሯል። የተዋሰው መጽሐፍ በዝናብ ረጥቦበት ዕዳውን በመጽሐፉ ባለቤት የበቆሎ ማሳ ሦስት ቀን ሠርቶ ከፈለ የሚለው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ትዝታ የተገኘ ነው። ይጻፉት፣ ግን «ጎረቤቶቹ እንዳወሩት» የምትለዋን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ልደቱን፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809ን፣ ወደ እኛ ስቀይረው የካቲት 5 ይመጣል፤ ሌላ ቦታ ግን 6 አየሁ።

መልስ፦ የካቲት 6 ቀን 1801 ነው። እርስዎ የቆጠሩት በዛሬው ልዩነት ነው። ፈረንጆች በ1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉም፤ እኛ ግን በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 ማድረጋችንን አላቋረጥንም። ስለዚህ ከዚያ በፊት ላለው መቶ ዓመት ልዩነቱ በአንድ ቀን ያንሳል። ስሌትዎን በዓድዋ ይፈትኑት፦ ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን በፈረንጅ ማርች 1 ነበር፤ በዓሉ ዛሬ የሚውለው ግን ማርች 2 ነው።