ነዳጅ እያለው ነዳጅ የሚያጣ ሞተር፦ ሰርጅ ታንክን ከአሮጌ መኪና ሥር ስለመግጠም

ጥያቄ፦ መኪናዬ በካርቡራተር ዘመን የተሠራች አሮጌ የቤት መኪና ስትሆን፣ ሞተሯን ኢንጀክተር (ነዳጅ በግፊት የሚረጭ አፍ) ባለው ሞተር አስቀይሬያለሁ። ሳልባትዮዋ (ዋናው የነዳጅ ታንክ) ሙሉ ሲሆን ምንም እንከን የለባትም። ነዳጁ ወደ ሩብ ሲወርድ ግን ረዘም ያለ ኩርባ ላይ ፈጠን ብዬ ስገባ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ጉልበቱ ጨርሶ ይጠፋና ቀጥ ወዳለው መንገድ ስወጣ ይመለሳል። ሰርጅ ታንክ የሚባል ትንሽ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ እንዳስገጥም ተመክሬያለሁ። ቤንዚን የያዘ ዕቃ በኋላ ሻንጣ ውስጥ እንዲቀመጥ ስላልፈለግሁ ከመኪናዋ ሥር ላስገጥመው አስቤያለሁ። ሐሳቤ ትክክል ነው? ከሆነስ የት ቦታ ላይ ይሁን? ቱቦዎቹስ እንዴት ይያያዛሉ?

መልስ፦ የገለጹት ምልክት ነዳጁ ከመምጠጫው አፍ እየሸሸ መሆኑን ያመለክታል፤ ይሁን እንጂ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። ሳልባትዮው ሙሉ ሳለ ችግሩ በአንድም ኩርባ ላይ የማይታይ ከሆነ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። ሙሉ ሆኖም፣ በተለይ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ የሚንተፋተፍ ከሆነ ግን ጥፋቱ የተዘጋ ፊልትሮ፣ የደከመ ፓምፕ ወይም ለፓምፑ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ማነስ ሊሆን ስለሚችል፣ ሰርጅ ታንክ ቢገጠም ምንም አይፈይድም።

ይህ ችግር ሞተሩ ከመቀየሩ በፊት ያልታየበት ምክንያት አለ። ካርቡራተር በውስጡ ተንሳፋፊ ያለው ትንሽ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ስላለው፣ ከሳልባትዮው የሚመጣው ነዳጅ ለጥቂት ሰከንዶች ቢቋረጥ እንኳ ሞተሩ በዚያች ነዳጅ እየሠራ ኩርባውን ያልፋል። ኢንጀክሽን ግን እንዲህ ያለ መጠባበቂያ የለውም። ኢንጀክተሮቹ ብዙውን ጊዜ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ የሆነ የማይዋዥቅ ግፊት ስለሚፈልጉ፣ ፓምፑ ትንሽ አየር እንደሳበ ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል። የአሮጌ መኪኖች ሳልባትዮ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰፊና ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ነዳጁ ወዲያና ወዲህ እንዳይሮጥ የሚገታ ከፋይ ላሜራ በውስጡ የለውም፤ ስለዚህ ነዳጁ በሰፊ ትሪ ላይ እንደተያዘ ውሃ ነው። በኩርባ ላይ በመኪናዋ ላይ የሚያርፈው የጎን ኃይል የመሬት ስበትን ግማሽ ሲያህል የነዳጁ ገጽ 27 ዲግሪ ገደማ ያዘነብላል፤ ከስበቱ ጋር እኩል ሲሆን 45 ዲግሪ ይደርሳል። ሩብ ብቻ የቀረው ሳልባትዮ በዚህ መጠን ሲያዘነብል የመምጠጫው ቱቦ አፍ አየር ላይ ይቀራል።

ሰርጅ ታንክ ያንን የጠፋውን መጠባበቂያ የሚመልስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሊትር የሚይዝ፣ ቀጭንና ቆሞ የሚገጠም ዕቃ ነው። ሁለት ፓምፖች ይኖሩታል። ዝቅተኛ ግፊት ያለው የመጀመሪያው ፓምፕ ከሳልባትዮው እየሳበ ትንሹን ታንክ ዘወትር ሙሉ ያደርገዋል፤ ከፍተኛ ግፊት ያለው ሁለተኛው ፓምፕ ደግሞ ከትንሹ ታንክ ግርጌ እየወሰደ ለኢንጀክተሮቹ ይሰጣል። የመጀመሪያው ፓምፕ በኩርባው ላይ አየር ቢስብም፣ አየሩ ወደ ታንኩ አናት ወጥቶ በትርፍ መመለሻው በኩል ወደ ሳልባትዮው ይሄዳል እንጂ ወደ ሞተሩ አይደርስም።

ታንኩ አራት ቀዳዳዎች አሉት፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸውም የእነዚህ ቀዳዳዎች ድርሻ ሲምታታ ነው። ከመጀመሪያው ፓምፕ የሚመጣው መስመር ወደ ላይኛው ክፍል ይገባል። ወደ ሁለተኛው ፓምፕ የሚሄደው ከግርጌው ይወጣል። የኢንጀክተሮቹን ግፊት ከሚያስተካክለው መቆጣጠሪያ ተርፎ የሚመለሰው ነዳጅ ወደ ሰርጅ ታንኩ ይመለሳል። አራተኛው፣ ከታንኩ ከፍተኛ ነጥብ የሚነሳው የትርፍ መመለሻ፣ ወደ ሳልባትዮው አናት ይሄዳል። ሦስተኛውን መስመር በቀጥታ ወደ ሳልባትዮው የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፤ ስሌቱን ቢሠሩት ኖሮ አያደርጉትም ነበር። 100 የፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት 30 ሊትር ገደማ፣ ማለትም በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ያቃጥላል። በሰዓት 120 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ግን በደቂቃ 2 ሊትር ስለሚያንቀሳቅስ፣ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው ሳይቃጠል ይመለሳል። የሚመለሰው ነዳጅ ወደ ሰርጅ ታንኩ ከገባ፣ 1.5 ሊትር የሚይዝ ታንክ ምንም ሳይጨመርበት ሞተሩን ለ3 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል። ወደ ሳልባትዮው ከሄደ ግን ያው ታንክ በ45 ሰከንድ ይደርቃል። ከዚህም በላይ የመጀመሪያው ፓምፕ ሞተሩ ከሚያቃጥለው በላይ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛው ፓምፕ ከሚገፋው በላይ እንዲሰጥ ይገደዳል።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ስንመጣ፣ ከመኪናዋ ሥር መግጠም የሚቻል ብቻ ሳይሆን በአግባቡ ከተሠራ የምደግፈው ምርጫ ነው። የኢንጀክሽን ፓምፕ በመግፋት ብርቱ፣ በመሳብ ግን ደካማ ስለሆነ፣ ከታንኩ ግርጌ ጋር እኩል ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ በአጭርና ሰፊ ቱቦ ሲያያዝ ነዳጁ በራሱ ክብደት ይደርሰዋል። ቢያፈስም ተኑ ሰው ወዳለበት ክፍል አይገባም። ነገር ግን የመኪና ሥር ድንጋይ የሚወረወርበት፣ ውሃና ጭቃ የሚረጭበት፣ የጭስ ማውጫውም የሚያልፍበት ስፍራ ስለሆነ ቦታውን መኪናዋ ሥር ተኝተው በዓይንዎ አይተው ይምረጡ። ብዙውን ጊዜ የተሻለው ቦታ ከኋላ አክሱ ፊት ለፊት፣ ከሻንሲው የጎን ብረት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከጭስ ማውጫው በተቃራኒው ወገን ያለው ነው። ከኋላ መከላከያው አጠገብ ያለው ክፍት ቦታ ለሥራ የሚመች ቢመስልም መኪናዋ ከኋላ ስትገጭ መጀመሪያ የሚጨማደደው እርሱ ስለሆነ ይተዉት። የታንኩም ሆነ የፓምፑ ግርጌ ከመኪናዋ ዝቅተኛ ብረት በታች መውረድ የለበትም፤ ከፊቱም ድንጋይ የሚመልስ ጠንካራ ላሜራ ይደረግለት። ማርሚታውን (የጭሱን ድምፅ ማፈኛ) ወይም የጭስ ማውጫ ቱቦውን የሚያይ ከሆነ በመካከላቸው አየር የሚያልፍበት የሙቀት መከላከያ ላሜራ ያስፈልጋል። መኪናዋ ተጭና ጉድባ ስትመታ አክሱ ወደ ላይ፣ ካርዳኑም (ኃይል ወደ ኋላ አክሱ የሚያደርሰው ዘንግ) ከርሱ ጋር እንደሚንቀሳቀስ ያስቡ፤ መኪናዋ በክሪክ ተነሥታ አክሱ ተንጠልጥሎ ሳለ የሚታየው ክፍተት ያታልላል።

ታንኩ የሚታሰረው በሻንሲው ወይም በተጠናከረ የወለል ክፍል ላይ እንጂ በስስ የወለል ላሜራ ላይ አይደለም። በእሳሪውና በታንኩ መካከል ጎማ ይግባ፤ ፓምፑም እንዲሁ በጎማ ላይ ካልተቀመጠ ጩኸቱ በመላው ወለል ይሰማል።

ከሥር መግጠም የሚያመጣው፣ በሻንጣ ውስጥ ሲገጠም የማይታይ አንድ አደጋ አለ። ታንኩ ከሳልባትዮው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ አንድ ቱቦ ቢቀደድ ወይም ለጥገና ቢፈታ፣ ፓምፖቹ ጠፍተው ሳለ እንኳ የሳልባትዮው ነዳጅ ሁሉ ወደ መሬት ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ከሳልባትዮው በሚወጣው መስመር ላይ በእጅ የሚዘጋ ለነዳጅ የተሠራ ቫልቭ ያስገቡ፤ የትርፍ መመለሻውም ወደ ሳልባትዮው የሚገባበት ነጥብ ከነዳጁ ከፍተኛ ገጽ በላይ መሆኑን ያረጋግጡ። የመመለሻው ቱቦ ከመግቢያው የጠበበ እንዳይሆን፤ ከጠበበ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራው ታንክ ግፊት መያዝ ይጀምራል።

ስለ ቱቦ ጥራት መቆጠብ አይገባም። ከሁለተኛው ፓምፕ ወደ ሞተሩ የሚሄደው መስመር በወለሉ ሥር በአዲስ የብረት ቱቦ ይዘርጋ። በካርቡራተር ዘመን ግማሽ ባር እንኳ ያልደረሰ ግፊት ይዞ የኖረውንና ከውስጥ የዛገውን ቱቦ በ3 ባር መፈተን አይገባም፤ እርሱ ዝቅተኛ ግፊት ላለው መመለሻ፣ ያም ጤነኛ ከሆነ ብቻ፣ ይበቃል። በሁለቱ ጫፎች ላይ ለሚገባው የጎማ ቱቦ ጄ30አር9 (J30R9) የሚል ደረጃ የታተመበትን ይፈልጉ፤ ይህ እስከ 7 ባር ገደማ እንዲችል የተሠራ የኢንጀክሽን ቱቦ ነው። ፋሼታውም (ቱቦውን የሚያጠብቀው ቀለበት) ጎማውን የማይበላ፣ ከውስጥ ለስላሳ የሆነው ዓይነት ይሁን። ጎማው የሚገባበት የብረት ጫፍ ቀለበት የመሰለ እብጠት ሊኖረው ይገባል፤ ያለዚያ ፋሼታው የቱንም ያህል ቢጠብቅ ቱቦው አንድ ቀን ሾልኮ ይወጣል።

የኤሌክትሪኩ ሥራ አጭር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፓምፕ የራሱ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና ፊውዝ፣ እንዲሁም ዝገቱ በተፋቀ ብረት ላይ የታሰረ ጥሩ ማሳ (ከመኪናዋ ብረት ጋር የሚያገናኝ የኔጌቲቭ ሽቦ) ያስፈልጋል። ሁለቱም ፓምፖች ሞተሩ ሲቆም አብረው እንዲቆሙ በሞተሩ ኮምፒውተር ትእዛዝ ይሥሩ፤ በግጭት ጊዜ ኃይሉን የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያም ይጨመር። ቁልፉ በርቶ እስካለ ድረስ የሚሠራ ፓምፕ፣ በአደጋ ጊዜ በተቀደደ ቱቦ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል።

ጥያቄ፦ በሞተሩ ላይ ያለው የድሮው ሜካኒካል ፓምፕ ደህና ነው። ሰርጅ ታንኩን እንዲሞላልኝ እርሱን ብጠቀም አይበቃም?

መልስ፦ ታንኩ በኮፈኑ ሥር፣ ከሞተሩ አጠገብ የሚገጠም ቢሆን ኖሮ ሊበቃ ይችል ነበር። ከኋላ ወለል ሥር ከሆነ ግን ነዳጁ መጀመሪያ ወደ ፊት ተስቦ፣ በሞተሩ አጠገብ ሞቆ፣ ተመልሶ ወደ ኋላ እንዲሄድ ይገደዳል። በሳልባትዮው አጠገብ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ፓምፕ ይግዙ፤ ሞተርዎ በሙሉ ጉልበቱ ከሚያቃጥለው ሁለት እጥፍ ያህል ቢሰጥ ጥሩ ነው። ትርፉ ከንቱ አይደለም፤ ከሞተሩ ሞቆ የተመለሰውን ነዳጅ በቀዝቃዛ እየተካ ተንና የአየር አረፋን ከታንኩ አናት ጠርጎ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ብየዳ የሚያውቅ ወዳጅ አለኝ። ታንኩን ካገኘነው ቆርቆሮ ወይም ከአሮጌ የነዳጅ ዕቃ ቢሠራልኝስ?

መልስ፦ ነዳጅ ይዞ የነበረን ማንኛውንም ዕቃ፣ ባዶ ነው ብላችሁ፣ ታጥቧል ብላችሁ አትበይዱ። ይህን የምጽፈው ለሥርዓት ያህል አይደለም። የሚፈነዳው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ተን ነው፤ በመገጣጠሚያ ውስጥ የቀረች ጥቂት ጠብታ ዕቃውን በሙሉ በተን ትሞላዋለች። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል። ተኑም ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ ተስቦ ሩቅ ካለ ብልጭታ ጋር ይገናኛል። በዚሁ ምክንያት የመግጠሙን ሥራ በጋራዥ ጉድጓድ ውስጥ አትሥሩ፤ ባትሪውን ፈትታችሁ፣ አየር በሚገባበት ገላጣ ቦታ፣ መኪናዋን በጠንካራ መደገፊያ ላይ አቁማችሁ፣ የነዳጅ እሳት የሚያጠፋ መሣሪያ አጠገባችሁ አድርጋችሁ ሥሩ።

ከአዲስ አሉሚኒየም ወይም ከማይዝግ ብረት መሥራት ይቻላል። ተራ ብረት ከውስጥ ይዝግና ዝገቱ ፓምፑን ይጨርሰዋል። ታንኩ ከስፋቱ ይልቅ ቁመቱ ይብለጥ። ተበይዶ ሲያልቅ፣ ነዳጅ ከመንካቱ በፊት፣ ቀዳዳዎቹ ተዘግተው በውሃ ውስጥ ተነክሮ ግማሽ ባር በማይሞላ አየር ይፈተሽ፤ አረፋ የወጣበት ስፍራ ደርቆ እንደገና ይበየዳል። ይህን የሚያደርግ የታመነ ባለሙያ ከሌለ ተሠርቶ የሚሸጠውን መግዛት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰርጅ ታንክ ከሥር ካስገጠምሁ በኋላ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። አሁን ግን ከረዥም ጉዞ በኋላ ከኋላ በኩል ኃይለኛ ጩኸት ይሰማኛል፣ ሞተሩም ይደክማል። ፓምፑ አልቆበት ይሆን?

መልስ፦ ፓምፑን ከመቀየርዎ በፊት ወደ እርሱ የሚመጣውን ይመልከቱ። ሁለተኛው ፓምፕ እንዲህ የሚጮኸው ብዙውን ጊዜ በቂ ነዳጅ ስላላገኘና ተን እየሳበ ስለሆነ ነው። ከመጀመሪያው ፓምፕ በፊት ያለው ሻካራ ፊልትሮ በአሮጌው ሳልባትዮ ዝገት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ በአዲስ ሥራ ላይ ይህ ፊልትሮ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደጋግሞ መታየት አለበት። ረቂቁ ፊልትሮ ደግሞ ከሁለተኛው ፓምፕ በኋላ እንጂ በፊቱ መግባት የለበትም፤ በፊቱ ከገባ መሳቡን አንቆ ያው ጩኸት ይፈጠራል።

ፊልትሮዎቹ ንጹሕ ከሆኑ የመጀመሪያውን ፓምፕ ይጠርጥሩ። የእርሱ መቆም ወዲያው አይታወቅም፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ለጥቂት ደቂቃዎችም በትንሹ ታንክ ነዳጅ በሰላም ይሄዳል፣ ከዚያ መንገድ መሀል ይቆማል። ሞተር ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ሲያበሩ ኮምፒውተሩ ለአፍታ የሚያሠራቸውን የሁለቱን ፓምፖች ድምፅ ለይተው ያዳምጡ፤ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የመጀመሪያው ፓምፕ ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ማሳውን ይፈትሹ።